አማቴ፣ ቦቴያቸውና የተንቀጠቀጠው ሰፈራችን

አማቴ የቦቴ ሹፌር ናቸው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «የምርሽን ነው?» ይላል። የምሬን ነው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበው ነው የሚቀመጡት፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሹፌር አንዳንዴ ቦቴው ሰው አልባ ሆኖ የሚሄድ ይመስለውና ዳር ይይዛል። መሪውን የተረከቡት ከሟች ባላቸው ነው። ባለቤቴ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «መኪናው ይሸጥ» ሲል፣ እሳቸው «መኪናው ከተሸጠ ልጄን ማን ያሳድግልኛል? እናንተ?» ብለው ጠየቁ። ብዙም ሳይቆዩ መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ሄዱ።

ሰፈሩ «እትዬ ማርሽ» ይላቸዋል፤ የተቆጣ ሰው ባዩ ቁጥር «ማርሽ ቀይር!» ስለሚሉ። እኔ ግን እማ ነው የምላቸው። እናቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ ይህን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። ልጃቸውን ባገባሁ ጊዜ ሰው ሁሉ «ባልሽን አደራ» ሲለኝ፣ እሳቸው ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «አንቺ ራስሽን አደራ፤ እሱ እንደሆነ ምንም አይሆንም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማ ሆኑልኝ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ የነዳጅ ጉድጓዶች አሉ። ነዳጅ ብቻውን አይወጣም፤ ከባሕር ውሃ የባሰ ጨው ያለው ውሃ አብሮት ይወጣል። ነዳጁና ጋዙ ተለይተው ወደየመንገዳቸው ሲሄዱ ውሃው ይቀራል። ሰው አይጠጣው፣ እርሻ አያጠጣ፣ ወንዝ ውስጥ ቢደፋ ዓሣውን ይፈጃል። ስለዚህ በቦቴ ተጭኖ ወደ ማስወገጃ ጉድጓድ ይወሰድና በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ምድር ሆድ ይመለሳል። እማ ከዓመት ዓመት ያመላለሱት ይህን ውሃ ነው። ጨዉ ብረት ይበላል፤ የቦቴው ጭራ ሁልጊዜ እንደተቀባ ሁልጊዜ እንደዛገ ነበር። ሲገቡ ቡትሳቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እግራቸውንና እጃቸውን ሳይታጠቡ የቤቱን ወለል አይረግጡም። «ይህ ውሃ እንግዳ አይደለም፣ ቤት አይገባም» ይላሉ።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነበር የምሠራው። አንድ ረፋድ ላይ ለአንድ ደንበኛ የሳል ሽሮፕ ሳወርድ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብልቃጦች እርስ በርስ ይንሾካሾኩ ጀመር። ከባድ መኪና የሚያልፍ መስሎኝ ወደ መንገዱ ዞር አልኩ። መንገዱ ባዶ ነው። ደንበኛውና እኔ ተያየን፤ ሁለታችንም «አዞረኝ» አልን፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሊያዞረን እንደማይችል የገባን ቆይቶ ነው። በከተማችን የመሬት መንቀጥቀጥ በታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹም አባቶቻቸው ሲያወሩት አልሰሙም።

ከዚያ በኋላ ግን ልማድ ሆነ። ሳምንት ሰላም ይከርምና ወለሉ ከሥርህ ትከሻውን ይነቀንቃል። ከመስኮታችን ጥግ ስንጥቅ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው መውጣት ጀመረ። ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ ቀጭንም ምላሱ የሚወጋም ስለሆነ «መርፌው» የምንለው፣ የመለኪያ መስታወቱ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀበት።

«ደንበኞቼ ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩኛል» ይላል። «ለአንድ ሰው የሁለት ሰው ሱሪ ልስፋ?»

ወሬው ሲጠነክር ቀልዱ ቀረ። የሩቅ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት፣ ወደ መሬት የሚገፋው ፍሳሽ ነው ተብሎ ነበር አሉ። መርፌው አንድ ቀን እማ ቦቴያቸውን ሲያቆሙ ጠብቆ በሰው ፊት ተናገራቸው።

«እትዬ፣ የሚንጠን ያንቺ ውሃ ነው።»

«ከመሬት የወጣ ወደ መሬት ቢመለስ ምን በደል አለበት?»

«እሱን መሬቱን ጠይቂው! እየመለሰልሽ ነው!»

እማ «ማርሽ ቀይር» እንኳ ሳይሉት ቤት ገቡ። ራት ላይ አልበሉም። ባለቤቴ «ተዪው፣ ወሬ ነው» ሲላቸው፣ «ወሬ ከሆነ ለምን ከበደኝ?» አሉት።

በዚያ ሰሞን ነው ዶክተሯ የመጣችው። የመሬት መንቀጥቀጥ የምታጠና ወጣት ናት፤ የጀርባ ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል። በየሰፈሩ መሣሪያ የምታስቀምጥበት ጸጥ ያለ ክፍል እየፈለገች ቤታችንን አንኳኳች። በር የከፈቱት እማ ነበሩ፤ ልብሳቸው ላይ የነዳጅ ኩባንያው ምልክት አለ። ዶክተሯ ምልክቱን አይታ ትንሽ ደነገጠች።

«ውሃውን የማመላልሰው እኔ ነኝ» አሉ እማ። «ጥፋተኛ ነሽ ልትይኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም እትዬ። ምክንያቱን ገና አላውቅም። ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

እማ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱት። ለእኔ በኋላ ሲነግሩኝ «በዚህ ጉዳይ አላውቅም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ ያውቃል» አሉ።

መሣሪያው ከጆንያና ከአሮጌ ጎማ ጋር ዕቃ ቤታችን ወለል ላይ ተቀመጠ። የወጥ ድስት የምታክል ነገር ናት፤ ግን ጆሮዋ ጉድ ነው። ዶክተሯ መረጃውን ልትወስድ በመጣች ቁጥር የቤታችንን ወሬ ሁሉ ታውቃለች። «ትናንት ቦቴው ዘግይቶ ገባ፤ መርፌው የስፌት መኪናውን ሲያሽከረክር ዋለ» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ፈገግ ብላ «ማክሰኞ ጠዋት አንድ በር በኃይል ተዘግቷል» አለች። እኔና ባለቤቴ ተጣልተን ነበር። እማ እየሳቁ «እኔ ያላወቅሁትን ጠብ ድስቷ አወቀችው!» አሉና ያን ዕለት አስታረቁን። የተጣላነው ደግሞ ለሚወለደው ልጅ ክፍል በምን ቀለም እንቀባ በሚል ነበር።

ልጃችን ሚጡ ተወለደች። ስንጥቁ ጣሪያው ደረሰ። ዶክተሯም አንድ ከሰዓት በኋላ እማን አስቀምጣ ያየችውን ነገረቻቸው። እኔ ሚጡን እያጠባሁ ሰማሁ።

መንቀጥቀጡ በየቦታው የተበተነ አይደለም አለች። ከከተማው ዳር ካለው ጥልቅ ማስወገጃ ጉድጓድ አጠገብ ተሰብስቧል፤ የጀመረውም ያ ጉድጓድ ብዙ ውሃ መቀበል ከጀመረ በኋላ ነው። ከሥሩ ያለው ጠንካራ አለት ድሮውኑ ስንጥቅ አለበት፤ ሁለቱ ወገን እርስ በርስ ተጫጭነው፣ ተናንቀው ኖረዋል። የሚገፋው ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ሲደርስ መጫጫናቸውን ያላላዋል፤ የተናነቀው ይለቃል፤ ይንሸራተታል።

«የፍሬን ሸራ ዘይት ሲነካው እንደሚያንሸራትተው?» አሉ እማ።

«ይመሳሰላል፤ ግን ማለስለሱ አይደለም እትዬ፣ ግፊቱ ነው። ውሃው ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል።»

እማ አሰቡ። «እኔ የማራግፍበት ሌላም ጉድጓድ አለ፤ ከወንዙ ማዶ።»

«እሱ ጥልቅ አይደለም፤ እዚያ አካባቢ ምንም አላየሁም። ብዙ ማስወገጃ ጉድጓዶች ማንንም አያስቸግሩም። ይኼኛው ነው የተለየው። እርግጠኛ ነኝ ልልዎት አልችልም፤ ግን ካየሁት ሁሉ ወደዚያ ያመዝናል።»

ዶክተሯ ከሄደች በኋላ እማ ወደ ቦቴው ወጥተው፣ ሞተር ሳያስነሱ፣ መሪውን ይዘው ቁጭ አሉ። ሻይ ይዤላቸው ሄድኩ። «ልጄን ያሳደግኩበት ውሃ እኮ ነው» አሉኝ። አጠገባቸው ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ስብሰባው የተካሄደው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው ጢም ብሎ ነበር። ዶክተሯ ካርታዋን አሳየች፤ ጉድጓዱ ቢዘጋም መንቀጥቀጡ ወዲያው እንደማይቆም አስቀድማ ተናገረች። የኩባንያው የመስክ ኃላፊ ተነሥቶ መሬት በራሱም ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ነገሩ እንዳልተረጋገጠ በትሕትና አስረዳ። ሹፌሮቹ አጨበጨቡለት፤ ቤት የተሰነጠቀበት ጮኸበት። በዚህ መሐል እማ እጃቸውን አወጡ። ሲቆሙም የተቀመጡ ስለሚመስሉ መርፌው፣ ቁጣውን ረስቶ፣ «እትዬ ማርሽ ቆመው ነው፣ ስሙ!» አለ።

«ውሃውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የምበላውም በእሱ ነው፤ ጉድጓዱ ቢዘጋ ከሚጎዱት አንዷ ነኝ። ይህቺ ልጅ ግን ቤቴ ገብታ ወጥታ፣ የማታውቀውን አላውቅም፣ ያየችውን አየሁ ብላ ነግራኛለች። ጉድጓዱን ዝጉትና እንየው። ካልሆነም እኔው ቤት ለቤት ዞሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የመስክ ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ልጆቹን የሚያስተምረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ከአለቆቹ ጋር ተሟግቶ ጥልቁን ጉድጓድ አዘጋው፤ ወደ ሌሎቹ የሚገባውንም አስቀነሰ። ለእሱም ምስጋና ይግባው እላለሁ።

ተረቱ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም። ጉድጓዱ ተዘግቶ መሬቱ መንቀጥቀጡን ቀጠለ። ቦቴዎች ቆሙ፤ ሹፌሮች ሥራ ፈቱ። እማ ጎሚስታው ጋ ሲሄዱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሰላምታቸውን በአፍንጫቸው ይመልሱ ጀመር። መርፌውም በተራው «ይኸው ተዘጋ፤ ይኸው ይንጠናል! የታለች ዶክተርሽ?» አላቸው። እማ ያን ጊዜ መለሱለት፤ እሱም መለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ።

ዶክተሯ አልሸሸችም፤ መጣች። «አስቀድሜ ብዬ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ ደክሞ። «የገባው ውሃ ከታች ገና እየተስፋፋ ነው። ይቀንሳል፤ ግን ወዲያው አይደለም። ከእስካሁኑ የሚበልጥም ሊመጣ ይችላል። መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ቢመጣ አትመኑት።» ከዚያ ክፍል ለክፍል ዞራ አየች። ከመርፌው ጋር የምንጋራውን ግድግዳ በጣቷ ቆርቆር አደረገችው። ጡቡ ከፍ ብሎ ከጣሪያ በላይ ይወጣል፤ ውስጡ ብረት የለውም። «ከዚህ ሥር ማንም አይተኛ» አለች። «ሲንቀጠቀጥም አትሩጡ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ።»

ከዚያ ግድግዳ ሥር የምትተኛው ሚጡ ናት። እንዲያውም ሌላ ቦታ አትተኛም። ከግድግዳው ማዶ ያለው የመርፌው የስፌት መኪና ድምፅ ነው እሽሩሩ የሚላት፤ እሱም ስታለቅስ ሲሰማ ሥራ ባይኖረውም መኪናውን ያሽከረክርላት ነበር። እማ «አልጋዋን ወደ ሳሎን እናውጣ» ሲሉ እኔ እምቢ አልኩ።

«እማ፣ ሳሎን ነፋስ ይገባል። ያለ መኪናው ድምፅ ደግሞ አትተኛም።»

«ታልቅስ።»

«ጉድጓዱ እኮ ተዘግቷል! እርስዎም ቢሆኑ ሰዉ ሁሉ...»

«ሰዉ ሁሉ የሚለውን ተዪው። ዶክተሯ ያለችውን ነው የምሰማው። ማርሽ ቀይሪ፣ ልጄ።»

እኔ ተቆጥቼ ቆሜ ሳይ፣ እሳቸው አልጋውን ብቻቸውን እየገፉ፣ ከበሩ ጋር እየታገሉ ሳሎን አወጡት። ባለቤቴም ማታ ቁም ሳጥኑን በብረት ከግድግዳ ጋር አሰረው። ሚጡ ለቀናት አለቀሰች። መርፌው ደግሞ ከእማ ጋር ስለተኳረፈ አልጋው መዛወሩን የነገረው የለም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነበር። ሚጡ እንቅልፍ ወስዷታል፤ እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ባዶ በርሜል በድንጋይ መንገድ ላይ ሲንከባለል የሚመስል፣ ግን ከእግሬ ሥር። ከዚያ ቤቱ ተነሣ። ሌላ ቃል የለኝም። ሚጡን ከአልጋዋ ላፍ አድርጌ የምግብ ጠረጴዛው ሥር ገባሁና እግሩን አቅፌ ያዝኩ። ሳህን ይሰበራል፣ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ ከመኝታ ክፍሉ ደግሞ አንድ ትልቅ፣ ረጅም ነገር ወደቀ። አቧራ ሳሎኑን ሞላው። ከዚያ ጸጥ አለ።

ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሚጡን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ መኝታ ክፍሉ በር ሄድኩ። ግድግዳው የለም። በግድግዳው ፈንታ የመርፌው ሱቅ፣ የተሰቀሉት ኮቶችና መንገዱ ይታያሉ። አልጋው ይቆምበት የነበረው ቦታ የጡብ ክምር ሆኗል። ክምሩ ላይ መርፌው ተንበርክኳል። ሲንቀጠቀጥ ደንበኛ ሊሸኝ ወጥቶ ስለነበር ተርፏል፤ ግድግዳው ሲወድቅ አይቶ መሬቱ ገና ሳይረጋ ዘሎ ገብቷል። በባዶ እጁ ጡቡን እያነሣ ወደ ኋላው ይወረውራል። ጣቶቹ ደምተዋል። «ሚጡ! ሚጡዬ! አለሁልሽ፣ መጣሁልሽ!» ይላል።

ልጠራው አፌን ስከፍት ሚጡ ቀደመችኝ። አቧራው ሲያስነጥሳት ከነቁጣዋ ጩኸቷን ለቀቀችው።

መርፌው ዞረ። ደረቴ ላይ አያት። የያዘውን ጡብ ቀስ አድርጎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ፣ አስቀመጠና ክምሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እማ ከመንገድ እየሮጡ ገቡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጡቡን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ የመርፌውን እጅ አዩ። ሚጡን ከእኔ ይቀበላሉ ስል፣ ሻሻቸውን ፈትተው መርፌው አጠገብ ተቀመጡና ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠቀልሉለት ጀመር።

«አላወቅሁም እኮ እትዬ» ይላል እሱ፣ «አልጋው እንደተነሣ አላወቅሁም...»

«ማን ይንገርህ? ተኳርፈን!» አሉት፤ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል። «በል ተነሥ፤ በዚህ ጣት ማን ሊሰፋልን ነው?»

በከተማው የተጎዳ ሰው ነበር፤ የፈረሰ ቤትም ነበር። ሕይወቱ ያለፈ ግን አልነበረም። ለዚህ ፈጣሪን ሳላመሰግን ያደርኩበት ቀን የለም። እኔ እምቢ ያልኩትን አልጋ ለገፉት እማ፣ ሰው እየሰደባት ተመልሳ መጥታ «ከዚህ ሥር ማንም አይተኛ» ላለችው ዶክተር፣ ባዶ አልጋ ፍለጋ እጁን ላደማው ጎረቤቴ ምን ከፍዬ እጨርሳለሁ?

ግድግዳው በብረት እስኪሠራ ድረስ መርፌው ሱቁን ወደ እኛ ሳሎን አዛወረ። ሚጡ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ዳዴ ማለት ተማረች። መንቀጥቀጡም ዶክተሯ እንዳለችው እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ፤ አንድ ቀን «ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማን መቼ ነበር?» ብለን ተጠያይቀን ማስታወስ አቃተን። ጥልቁ ጉድጓድ በሲሚንቶ ተደፈነ። ኩባንያው ከውሃው ከፊሉን እያጣራ ለአዲስ ቁፋሮ መልሶ መጠቀም ጀመረ፤ የቀረው ከወንዝ ማዶ ባለው ጉድጓድ፣ በልክ፣ በቁጥጥር ይወርዳል። እማም ሥራቸውን አገኙ፤ ቦቴያቸው አሁን ወደ ማጣሪያው ነው የሚሄደው። ጎሚስታው ጋ ሰላምታቸው በሙሉ አፍ ይመለሳል።

ዶክተሯ መሣሪያውን ልትወስድ የመጣች ቀን እማ «ድስቷን ትተሽልን ሂጂ፣ ለምደናታል» እያሉ አስቸገሯት። ስትሰናበት ግን ጥያቄ ነበራት።

«እትዬ፣ ተሳስቼ ቢሆንስ ኖሮ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ እኔ ቆሙ።»

«ተሳስቼ ነበር ብለሽ ትመጪ ነበራ! አንቺ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነሽ። በይ የልብሽን መሻት ይሙላልሽ፣ ልጄ። እንዳኖርሽን ያኑርሽ።»

ባለፈው ወር እሷው ጠርታቸው እዚያ ማዶ ወዳለች ከተማ ሄድን፤ እዚያም መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እኔና ሚጡ በቦቴው ተሳፍረን ነው የሄድነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰውዬ ተነሥቶ «እትዬ፣ አያድበስብሱብን፤ ውሃው ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እኛ ጋ ውሃው ነበር» አሉ። «እናንተ ጋ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ሊያጠኑ ለመጡት ልጆች በራችሁን ክፈቱላቸው። እስከዚያው አልጋችሁን ከመጥፎ ግድግዳ አርቁ።»

ስንመለስ ሚጡ ጭኔ ላይ ተኝታለች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ፀሐይ ከኋላችን ናት። ግድግዳው ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ልላቸው ፈልጌ ያላልኩት ነገር አፌ ላይ መጣ።

«እማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለምኑ?»

«ለአልጋው።»

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ሳቁ። «ያን አልጋ ስገፋ ወገቤ ተቀጭቶ እስካሁን ያመኛል፤ አንቺ እጅሽን አጣምረሽ ቆመሽ ነበር። ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ?» አሉና ከቦታዋ የተንሸራተተችውን የሚጡን እግር በአንድ እጃቸው መልሰው አስተካከሉልኝ።